ኮዬ ፈጬ፦ ወሰኑ ተሰመረ፣ ቋንቋውስ?

ስለ ኮዬ ፈጬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ "የማን ነው?" በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። እዚያ የሚኖረው ሰው በየትኛው ቋንቋ ይስተናገድ የሚለውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት አካባቢው ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት የጥቁር አፈር እርሻ ነበር። የገበሬው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። የቦታ ስሞቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ጎረቤቱ ቱሉ ዲምቱ "ቀይ ኮረብታ" ማለት ሲሆን፣ ገላን ደግሞ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ቢሆንም አማርኛ ለአካባቢው እንግዳ አልነበረም። በጅቡቲው ባቡር መስመር ላይ ያለችው አቃቂ በፋብሪካዎቿ ምክንያት ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ሰብስባለች። እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ በሁለቱም ቋንቋ ዋጋ ቢከራከር የሚገርመው ሰው አልነበረም። ያኔ ሁለት ቋንቋ መቻል የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ይህን የለወጠው መሬቱ ለቤቶች ልማት መወሰዱ ነው። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ ከእርሻው ተነሳ። በሌላ በኩል በ1997 እና በ2005 የተመዘገበው የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ከደመወዙ እየቀነሰ እየቆጠበ ዓመታት ጠበቀ። የካቲት 27 ቀን 2011 ኮዬ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሳይቶች ለተሠሩ 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ወዲያውኑ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ። የሁለቱም ወገን ብሶት እውነት ነበር፤ አንዱ መሬቱን አጥቷል፣ ሌላው የቆጠበበትን ቤት ሊያጣ ነው።

በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ሲስማሙ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወደ ኦሮሚያ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ተካለሉ። ሸገር ከተማ ሲመሠረትም ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ኮዬ ፈጬ ተባለ።

ወሰኑ ሲሰመር ግን ቋንቋም አብሮ ተሰምሯል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በኦሮሚያ ቢሮ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በአማርኛ። ስለዚህ በአማርኛ ተመዝግቦ፣ በአማርኛ ውል ፈርሞ ቤት የገባ ሰው ማንበብ የማይችለው ቅጽ ይቀርብለታል። ይህ ሲያሳዝነን ከእሱ በፊት የነበረውን ገበሬ መርሳት የለብንም። እሱም የመሬቱ ጉዳይ በማይናገረው ቋንቋ ሲጻፍና ሲወሰን አስተርጓሚ ፍለጋ ተንከራቷል። ትናንት አንዱ የደረሰበት በደል ዛሬ በሌላው ላይ ቢደገም ፍትሕ አይባልም።

"የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሕግ የተወሰነ ነው" የሚል ክርክር ይቀርባል። ልክ ነው፣ መከበርም አለበት። ግን የሥራ ቋንቋ ማለት መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበት ቋንቋ እንጂ ባለጉዳይ የሚባረርበት ምክንያት አይደለም። ቅጹን፣ ማስታወቂያውንና የጤና ጣቢያውን ምክር በሁለቱም ቋንቋ ማውጣት የሚጠይቀው ወረቀትና ጥቂት ተርጓሚ ነው። ወሰኑን ተሻግሮ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖረው ኦሮምኛ ተናጋሪም ይኸው ሊደረግለት ይገባል።

ግዴታው ታዲያ የመንግሥት ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪውም የጎረቤቱን ቋንቋ ለመማር መነሳት አለበት። የማታ ትምህርት ቢከፈት፣ ልጆች በትምህርት ቤት ሁለቱንም ቋንቋ ቢማሩ ማንም ተሸናፊ አይሆንም። የአቃቂ ገበያተኛ ያለ አስተማሪ የቻለውን የኮዬ ተማሪ በአስተማሪ አያቅተውም።

ከኢስቶኒያ አንድ ትምህርት መውሰድ ይቻላል። በምዕራብ ጠረፏ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ስዊድንኛ የሚናገሩ መንደርተኞች ኖረዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ የሶቪየት ጦር ሲቃረብ፣ አብዛኞቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ስዊድን ሸሹ። ዛሬ ኖአሮትሲ በሚባለው አካባቢ የመንደሮች ስም በኢስቶንኛና በስዊድንኛ ተጽፎ ይታያል። ክብሩ ጥሩ ነው፤ የመጣው ግን አብዛኛው ባለቋንቋ ከሄደ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ኮዬ ፈጬ ላይ ሁለቱም ባለቋንቋዎች ዛሬም አሉ። አንድ ታክሲ ይጋፋሉ፣ ከአንድ ሱቅ ይገዛሉ። በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ታፔላም ሆነ ቅጽ ካለ፣ ጊዜው አንባቢው እያለ ነው።