የመምህራን አምድ፦ ድንጋይ ጣሪያ አይይዝም



ሚኒሶታ የደረሱ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ስልክ ሲደውሉ ስለ በረዶ ያወሩናል። እዚያ በረዶው ጣሪያ ላይ ከተቆለለ በክብደቱ ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ ጣሪያውን ሸክም እንዲችል አድርገው ይሠሩታል፣ ሲበዛም ያስጠርጋሉ። እኛን ካኩማ ላይ የሚያሰጋን ግን የተገላቢጦሹ ነው። የእነሱ ጣሪያ ወደ ታች ይጫናል፤ የእኛ በነፋስ ወደ ላይ ይነሳል።

ባለፈው የዝናብ ወራት የሆነውን ልጆቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። የአንዱ ክፍል ቆርቆሮ ሲንኳኳ ስለከረመ እኛው መምህራን ድንጋይ ደርድረንበት ነበር። ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን! ነፋሱ ሲመጣ ቆርቆሮውን ከነድንጋዩ አነሳው። አንዱ ድንጋይ ሁለተኛው ረድፍ ዴስክ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ስለነበር ፈጣሪ ይመስገን ተረፉ። ደወሉ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር።

ስህተቱ የእኛ ነውና የተማርንበትን እንንገራችሁ። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ከስር ይገፋዋል። ጉልበቱ የሚበረታው ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚገነጠለውም እሱ ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ የቆርቆሮ ምስማሩ ባለ ኮፍያው፣ ከነጎማው ይሁን። የሚመታውም ጉብታው ላይ ነው፤ ስርጉዱ ላይ ከተመታ ውሃ ያስገባል። ጠርዝ ላይ ምስማሩ ይጠጋጋ።

2ኛ/ ምስማሩ ቢጠብቅም እንጨቱ ከግድግዳው ጋር ካልታሰረ ጣሪያው ከነእንጨቱ ይሄዳል። እንጨቱ በወፍራም ሽቦ ይታሰር። ሽቦው የላይኛውን ጡብ ብቻ ይዞ አይቅር፤ ብዙ ረድፍ ወደ ታች ይውረድ።

3ኛ/ ምስጥ የነካውን እንጨት በቢላ ወጋ አድርጉት። ቢላው ዘው ካለ ይቀየር፤ ምስማር አይዝለትም።

4ኛ/ ድንጋዩም፣ አሮጌ ብረቱም ከጣሪያ ይውረድ።

5ኛ/ አቧራው ከሩቅ ሲነሳ በርና መስኮት ይዘጋ። በዚያን ሰዓት ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ፤ ጎበዝ ነኝ የሚልም ቢሆን!

ጥገና እንዲደረግልን ጠይቀናል። መልሱ «በጀት ሲመጣ» የሚል ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ግን በጀት አይጠብቅም። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ መዶሻ ያላችሁ መዶሻ፣ መሰላል ያላችሁ መሰላል ይዛችሁ ኑልን። አናጺነት የምታውቁ አባቶች ከፊት ቅደሙ፤ እኛ ሽቦ እናቀብላለን። ሻዩ ከእኛ ነው፤ ስኳሩ ግን እንደምታውቁት ትንሽ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እኛ የምናስረው ጣሪያ ብቻ ነው።