ጎብኚው ሁለቱንም ይሰማል፤ የሰፈሩ ልጅ ግን አንዱን ብቻ

ቤልፋስትን የሚያስተዋውቁ የጉዞ ጽሑፎች አንድ ቃል በጣም ይወዳሉ፤ «የቀድሞ» የሚለውን። የቀድሞዋ የተከፈለች ከተማ፣ የቀድሞው የግጭት ቀጠና፣ የቀድሞ ታጣቂ። ጎብኚው ይህን አንብቦ ትኬት ይቆርጣል፤ ለእግር የሚመች ጫማ ያደርጋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት እየዞረ የግድግዳ ሥዕሎችን ፎቶ ያነሳል፤ ከግንቡ ላይ ስሙንና አንዲት የሰላም ምኞት ጽፎ ይመለሳል። እሱ ሆቴሉ ገብቶ ራቱን ሲበላ ግንቡ ላይ ያሉት የብረት በሮች ይቆለፋሉ።

በሮቹ ለትርኢት አይደለም የሚቆለፉት። ወዲያና ወዲህ የሚኖሩት ሰዎች ዛሬም ስለሚፈራሩ ነው። እንግዲህ «የቀድሞ» የተባለው የቱ ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮች በአብዛኛው ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር መዋሐድን፣ ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው በብሪታንያ ሥር መቆየትን ይሻሉ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በዘለቀው ግጭት 3,500 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከግማሽ በላዩ መሣሪያ ያልያዘ ሲቪል ነው። በምዕራብ ቤልፋስት የካቶሊኮቹ ፎልስ ሮድና የፕሮቴስታንቶቹ ሻንኪል ሮድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 በዚያ መሐል ያለችው ቦምቤይ ጎዳና ተቃጠለች፤ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ተሸክመው ሸሹ። በዲቪስ መኖሪያ ሕንፃ ደግሞ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ቤቱ ውስጥ ሳለ ከፖሊስ በተተኮሰ ጥይት ሞተ። በቀጣዩ ወር የብሪታንያ ጦር በሁለቱ ሰፈሮች መካከል አጥር ዘረጋ።

የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኢያን ፍሪላንድ ያን ጊዜ የተናገሩት ዛሬም ይጠቀሳል። አጥሩ እጅግ ጊዜያዊ ነው፤ በዚህች ከተማ የበርሊን ግንብ ዓይነት ነገር አይኖርም አሉ። የበርሊኑ ግንብ ከ1961 እስከ 1989 ቆመ፤ 28 ዓመት። የቤልፋስቱ «ጊዜያዊ» አጥር ወደ ኮንክሪትና ብረት አድጎ፣ በአንዳንድ ቦታ ከበርሊኑ በእጅጉ ረዝሞ፣ ዕድሜውንም ዕጥፍ ያህል ኖሮ እነሆ ቆሟል። ስሙም «የሰላም ግንብ» ነው። በርሊኖች ግንባቸውን በመዶሻ እየፈለጡ ስባሪውን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ወደ ቤልፋስት የሚመጣው እንግዳ ግን ስለ ሰላም የሚያምር ዓረፍተ ነገር ጽፎበት፣ ግንቡን እንደቆመ ትቶት ይሄዳል።

የእግር ጉብኝቱ የሚካሄደው በዚህ መሬት ላይ ነው። ከዲቪስ ሕንፃ አካባቢ ተነስቶ ወደ ፎልስ ሮድ ይዘልቃል። በመንገዱ ዳር ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ፍልስጤም አለች፤ ማንዴላና ከባርነት አምልጦ በ1845 አየርላንድን የጎበኘው ፍሬድሪክ ዳግላስም ተሥለውበት ያውቃሉ። ትንሽ ሄድ ሲሉ የቦቢ ሳንድስ ፈገግታ ከነረጅም ጸጉሩ ግድግዳውን ሞልቶ ይታያል። በ1981 እስር ቤት ውስጥ የረሃብ አድማ ላይ ሳለ ለብሪታንያ ፓርላማ ተመረጠ፤ በ66ኛው ቀን በ27 ዓመቱ ሞተ፤ ዘጠኝ ጓዶቹም ተከተሉት። ከግንቡ ማዶ ሻንኪል ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። በ1690 የቦይን ጦርነትን ያሸነፈው ንጉሥ ዊልያም በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ በ1916 ሶም ላይ የረገፉት ወታደሮች ይታሰባሉ፤ ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎችም ጠመንጃ ይዘው ያያሉ።

አስጎብኚዎቹ ብዙ ጊዜ ነገሩን ኖረውት ያለፉ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በግጭቱ ተካፍለው የታሰሩ ናቸው። ከጉብኝቶቹ አንዱ ዓይነት እንዲህ ይካሄዳል፤ የቀድሞው የሪፐብሊካን እስረኛ ቡድኑን በፎልስ በኩል ይዞ ግንቡ ድረስ ይመጣል። እዚያ ሲደርስ ያስረክባል። ከበሩ ማዶ ከሌላው ወገን የመጣ አስጎብኚ ተቀብሎ የሻንኪልን ታሪክ ይተርካል። አንዱ ያንደኛውን ንግግር አያርምም፤ አንዱ በሌላው ታሪክ ውስጥ አይገባም።

የጉዞ ጸሐፊዎች ይህን ርክክብ የዕርቅ ምልክት አድርገው ያወድሱታል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ከሁለቱም ወገን፣ የሁለቱንም ሐዘን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሰማው ማነው? ከቶሮንቶ ወይም ከሙኒክ የመጣው እንግዳ ነው። ነገ በአውሮፕላን የሚሄደው፣ በዚህች ከተማ ድምፅ የማይሰጥ፣ ልጅ የማያስተምር፣ ጎረቤት የሌለው ሰው። ፎልስ ላይ የተወለደው ልጅ ከሻንኪሉ ሰው አፍ የሻንኪልን ሐዘን አይሰማም። የሻንኪሉም ልጅ እንዲሁ። በሰሜን አየርላንድ የሁለቱም ወገን ልጆች ሆን ተብሎ አብረው እንዲማሩ በተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች የሚማረው ከአሥር ተማሪ አንድ እንኳ አይሞላም። ከተቀረው አብዛኛው ለየሰፈሩና ለየሃይማኖቱ በተለየ ክፍል ያድጋል። ለእንግዳ በትኬት የሚሸጠው እውቀት ለባለቤቱ ልጅ በነጻ እንኳ አልቀረበለትም።

የዚህ ዋጋ በኤፕሪል 2021 ታይቷል። ሁለቱን ሰፈሮች በሚያገናኘው የላናርክ ዌይ በር ላይ ወጣቶች ከወዲያና ወዲህ ሆነው ድንጋይና የቤንዚን ቦምብ ተወራወሩ፤ ሻንኪል ላይ አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ተጠልፎ ነደደ። ከወጣቶቹ መካከል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ያሉ ነበሩበት። የሰላም ስምምነቱ በስቅለት ዓርብ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1998 ሲፈረም እነዚህ ልጆች አልተወለዱም። ጥላቻውን ከጦርነቱ አልተማሩትም፤ ጦርነቱን አያውቁትም። የተማሩት ከግድግዳውና ከግንቡ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሥዕሎቹ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የተሣሉት ለጎብኚ አይደለም። በፕሮቴስታንት ሰፈሮች ንጉሥ ዊልያምን ግድግዳ ላይ መሣል ከ1908 ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በካቶሊክ ሰፈሮች ደግሞ ሥዕሉ የፈላው በ1981 የረሃብ አድማ ጊዜ ነው። ሥራቸው ሰፈሩ የማን እንደሆነ መናገር ነበር፤ ለወገን «እዚህ ነን»፣ ለሌላው «እዚህ አትለፍ» ማለት። ጎብኚው ሲመጣ ይህ ሥራቸው አልቀረም። ሌላ ሥራ ተጨመረላቸው እንጂ። አሁን ገቢም ያመጣሉ። ጭምብል የለበሰው ታጣቂ ከአበባና ከእግር ኳስ ተጫዋች ሥዕል ይልቅ ካሜራ እንደሚስብ ማንም ያውቃል። ከ2006 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ አንዳንድ የታጣቂ ሥዕሎች በሌላ እንዲተኩ ተደርጓል። ነገር ግን አንድ እጅ እንዲጠፋ ገንዘብ እየከፈለ፣ ሌላው እጅ እንዲታይ ትኬት የሚቆርጥበት ገበያ የትም አያደርስም።

ከሥዕሉ ሥር የሚኖሩትስ? በዲሴምበር 1971 የፕሮቴስታንት ታጣቂዎች የማክገርክን መጠጥ ቤት በቦምብ አፍርሰው 15 ሰው ገደሉ። በኦክቶበር 1993 አይ.አር.ኤ ሻንኪል ላይ አንድ የዓሣ መሸጫ ውስጥ ያፈነዳው ቦምብ ዘጠኝ ሰዎችንና ከቦምብ አድራሾቹ አንዱን ገደለ፤ ከሟቾቹ ሕፃናት ነበሩበት። የነዚህ ሰዎች እናቶችና ልጆች ዛሬም በዚያው ከተማ ይኖራሉ። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ሰው የገደለው ድርጅት ዓርማ በሦስት ፎቅ ቁመት ተሥሎ ይጠብቃቸዋል። ከሥሩም አንድ ቡድን ቆሞ ፎቶ እየተነሳ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ተረቱ። ቤልፋስት ላይ ግን የወጋውም አልረሳ፤ እንዲያውም ታሪኩን የመንገር መድረክ ያለው እሱ ነው። የተወጋው ግን በአብዛኛው ቤቱ ተቀምጧል፤ ለእሱ የተዘጋጀ መንገድም ግድግዳም የለም።

ለጉብኝቱ የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት ነገር አላቸው፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የቀድሞ እስረኛ በሰሜን አየርላንድ ሥራ ማግኘት ይከብደዋል፤ የወንጀል መዝገቡ በየቢሮው ይከተለዋል። ትናንት ጠመንጃ የያዘ ሰው ዛሬ በቃል ሲከራከር ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። ፎልስና ሻንኪልም ድሃ ሰፈሮች ናቸው፤ የሚመጣው ሳንቲም ያስፈልጋቸዋል። ታሪኩንም ከመጽሐፍ ይልቅ ካየው ሰው መስማት ይሻላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለዚህም ጥፋቱ የአስጎብኚዎቹ አይደለም። እነሱ የያዙትን ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹም በሐቀኝነት ይናገራሉ። በሩ ዛሬም እንደሚቆለፍ ለጎብኚው የሚነግሩት ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛውም ክርክር እንዲሁ ይከበራል፤ ግንቡ እንዲቆይ የሚፈልጉት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው የሚለው። ቦምቤይ ጎዳና ላይ ግንቡን ተደግፈው የቆሙት ቤቶች ጓሯቸው በብረት መረብ ተሸፍኗል፤ ከማዶ የሚወረወር ነገር ልጅ እንዳይመታ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምትኖርን እናት «ግንቡ ይፍረስ ብለሽ ፈርሚ» ማለት ግፍ ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን ፍርሃቷ ዛሬም እውነት ከሆነ፣ «የቀድሞ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ነው። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ወይ ከተማዋ ተፈውሳለች፣ በሮቹም ይከፈቱ፤ ወይ አልተፈወሰችም፣ ቁስሏም እንደ ጠባሳ አይሸጥ።

ጣት ሊቀሰርባቸው የሚገባው ፖለቲከኞቹ ናቸው። የሰሜን አየርላንድ መንግሥት በ2013 አንድ ዕቅድ አወጣ፤ በነዋሪዎች ፈቃድ የሰላም ግንቦቹ ሁሉ እስከ 2023 ይወገዳሉ አለ። አንዳንዱ ተነሳ፤ ለምሳሌ በ2016 በክረምሊን መንገድ ላይ የነበረው ወረደ። አብዛኛው ግን ቆሞ ቀረ። 2023 ሲደርስ ደግሞ ተጠያቂ የሚሆን መንግሥት እንኳ አልነበረም፤ ሁለቱ ወገኖች ሥልጣን የሚጋሩበት አስተዳደር ከ2022 መጀመሪያ እስከ 2024 መጀመሪያ ፈርሶ ነበር። ከዚያም በፊት ከ2017 እስከ 2020 ሦስት ዓመት ተዘግቷል። በአንድ ካቢኔ መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች ሕዝቡ ጓሮውን እንዲከፍት ይጠብቃሉ። የጎብኚ ቁጥር ሲጨምር ግን ሰላም ለመስፈኑ ማስረጃ አድርገው ለመጥቀስ ይፈጥናሉ።

የጎብኚ ቁጥር የሰላም መለኪያ አይደለም። የሰላም መለኪያ ከሻንኪል የተነሳ አንድ ልጅ በጨለማ ፎልስ ሄዶ ጓደኛውን ጠይቆ መመለስ መቻሉ ነው። በዚህ መለኪያ ቤልፋስት ገና ናት።

ታዲያ ጉብኝቱ ይቅር? አይቅር። ይዙር። ሁለቱ አስጎብኚዎች በሩ ላይ መረካከባቸውን ትተው አብረው ይሻገሩ። የፎልሱ ሰው ሻንኪል ላይ ቆሞ ስለ ዓሣ መሸጫው ሲነገር ይስማ፤ የሻንኪሉም ሰው ፎልስ ላይ ቆሞ ስለ መጠጥ ቤቱ ይስማ። የሟቾች ቤተሰቦች ፈቃዳቸው ከሆነ ከገዳዮቹ እኩል የመናገሪያ ቦታ ያግኙ። ከሁሉም በላይ፣ መንግሥት ከቱሪዝሙ ገቢ ከፍሎ የሁለቱንም ሰፈር ተማሪዎች በአንድ ቡድን፣ በዚያው መንገድ፣ በነዚያው አስጎብኚዎች ያስጎብኝ። ልጆቹ ይጠይቁ። ከቶሮንቶ የመጣው እንግዳ በጨዋነት የማይጠይቀውን እነሱ ይጠይቃሉ፦ ለምን ገደላችሁ? ተጸጽታችኋል? እኛስ ለምን አብረን አንማርም?

መልሱ ከባድ ነው፤ የሚያስከፍለውም ከትኬት ዋጋ በላይ ነው። ግንቡን ሊያፈርስ የሚችለው ግን እንግዳው የጻፈበት የሰላም ምኞት አይደለም፤ እነዚያ ልጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።