በመናኸሪያው በር የሚቀረው ተሳፋሪ

መጓጓዣን እንደ ምቾት ጉዳይ ብቻ የሚመለከቱ ወገኖች አሉ። ይህ አመለካከት ከሠራተኛው ሕዝብ ተጨባጭ ኑሮ የራቀ ነው። የደዶ ወረዳ ነዋሪ ከሸኪ ተሳፍሮ ወደ ጅማ ከተማ የሚጓዘው ለሽርሽር አይደለም፤ ቡናውን ለመሸጥ፣ ሕመሙን ለመታከም፣ የፍርድ ቤት ጉዳዩን ለመከታተል፣ አለዚያም ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ለመግባት ነው። ከጎጀብ ወንዝ ተፋሰስ አንሥቶ እስከ ደጋው ድረስ ለተሠራጨው ሕዝብ የተሽከርካሪው በር የሐኪም ቤቱም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የገበያውም በር ነው። በመሆኑም እግሩ የማይራመድ፣ ዓይኑ የማያይ ወይም ጆሮው የማይሰማ ወገናችን ከዚህ በር ሲቀር የሚቀረው ከአንድ ጉዞ ብቻ አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ከተጻፈ ቆይቷል። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የድኩማን ማቋቋሚያ ድርጅት ተመሠረተ፤ ስያሜው ራሱ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ደነገገ። በ2000 ዓ.ም. የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚያስከብር አዋጅ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸደቀ። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መጓጓዣ ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን፣ አንቀጽ 20 የግል እንቅስቃሴ እንዲመቻች ያስገድዳል። ነገር ግን ሕግም እንደማንኛውም መንገደኛ ከአዲስ አበባ ሸኪ ለመድረስ የሚያሳፍረው ይፈልጋል።

ለምን ይዘገያል? አንደኛው ምክንያት ያልተቆጠረ ሰው መቀመጫ የማይታሰብለት መሆኑ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በመላ አገሪቱ 805,492 አካል ጉዳተኞችን መዘገበ፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ 1.09 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ግን ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አረጋግጦ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል! የዓይነ ስውራኑ ድርሻ ብቻውን በቆጠራው ከተገኙት አካል ጉዳተኞች ሁሉ ድርሻ በለጠ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገልጿል። ልዩነቱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከሌላው የተለየ ጤና አለው የሚያሰኝ አይደለም። ቤተሰብ ለቆጣሪው ሳይናገር የሚያልፈው፣ ከጓዳ የማይወጣው ልጅ ብዙ መሆኑን ያመለክታል እንጂ። ከጓዳ ያልወጣውን ደግሞ መናኸሪያው አያውቀውም፤ መናኸሪያው ስለማያውቀውም ከጓዳ አይወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት በተሽከርካሪው የገቢ ሥርዓት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ክራንች የያዘ ሰው በመንገድ ዳር እጁን ሲያነሣ ረዳቱ «ሙሉ ነው» ብሎ ሲያልፈው ልቡ ጨካኝ ነው ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው። ረዳቱም ግን ሠርቶ አዳሪ ነው። በብዙ የግል ተሽከርካሪዎች ሹፌሩና ረዳቱ በየዕለቱ ለባለንብረቱ የሚያስገቡት የተወሰነ ሒሳብ አለ፤ ኑሯቸው ከዚያ በተረፈው ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ አሠራር አንድን ሰው ለማሳፈር የሚጠፋው ሦስት ደቂቃ ከሁለቱ ሠራተኞች ኪስ እንጂ ከባለንብረቱ ድርሻ አይቀነስም። ስለዚህ በሠራተኛውና በአካል ጉዳተኛው መካከል የሚታየው ጠብ የተፈጠረው ከሁለቱም በላይ ባለ የሒሳብ አያያዝ ነው። ረዳቱን ብቻ በመገሠጽ የሚፈታ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ረዳቱ የሚያቀርበውን ምክንያት ሁሉ እንቀበላለን ማለት አይደለም። በመንገድ ላይ ጥድፊያ አለ፤ በመናኸሪያ ግን መኪናው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል። ተራ አስከባሪው ስም እየጠራ፣ ተሳፋሪ እየተጣራ፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ ይቆያል። እዚህ ላይ «ጊዜ የለንም» ማለት ውኃ የማያነሣ ምክንያት ነው። በመናኸሪያ የጎደለው ጊዜ ሳይሆን ሥርዓት ነው። የፊተኛው ወንበር ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ትውውቅ እስከሆነ ድረስ፣ መተላለፊያው ላይ ትርፍ ሰው በበርጩማ እስከተቀመጠ ድረስ፣ አካል ጉዳተኛው ቢሳፈር እንኳ ለመውረድ በሰው ትከሻ ላይ ማለፍ ይኖርበታል። አደጋ ቢደርስ መውጫ አጥቶ የሚቀረው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን እንደ ጆንያ ቆጥሮ የጭነት ሒሳብ ማስከፈልም አለ፤ ይህ አንድን ሰው ለእግሩ ለይቶ እንደማስከፈል ነው።

የበለጸጉት አገሮችም ይህን ጉዳይ የፈቱት በቸርነት አልነበረም። በሰኔ ወር መጨረሻ 1970 ዓ.ም. በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ 19 አካል ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበራቸው አውቶቡሶችን ከበው አስቆሙ፤ ሌሊቱንም እዚያው መንገዱ ላይ አደሩ። የማንሻ መሣሪያው ያን ጊዜም ተሠርቶ ነበር፤ ገንዘቡም ነበረ። የጎደለው የተደራጀ ድምፅ ነበር። አዳዲስ የሕዝብ አውቶቡሶች ማንሻ ወይም መወጣጫ እንዲኖራቸው በአገር ደረጃ ያስገደደው ሕግ የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ነው። ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ኢትዮጵያዊቷ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፣ ራሷ ዓይነ ስውር ስትሆን፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

በሸኪ መንገድ ላይ የሚሠሩት መኪኖች ማንሻ እስኪገጠምላቸው እንጠብቅ ማለት ጉዳዩን ለልጅ ልጅ ማሳደር ነው። በብራዚል ኩሪቲባ ከተማ ተሳፋሪው አስቀድሞ ከፍ ወዳለው ጣቢያ ይወጣል፤ ከዚያ ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ሆኖ ይገባል። የአሳቡ ፍሬ ቀላል ነው፤ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ካልተቻለ መሬቱን ከፍ ማድረግ። በመናኸሪያ አንድ ጥግ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ጎማ የሚወጣበት ዘቅዛቃ ያለው መድረክ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የሚኒባስና የትልቁ አውቶቡስ ወለል ስለሚለያይ ሁለት ከፍታ ያስፈልገዋል። የቀበሌው ነዋሪ በጉልበቱ፣ ዕድሩ በመዋጮው የሚገነባው ነገር ነው።

እርዳታውም ዕውቀት ይጠይቃል። ዓይነ ስውርን ክንዱን ይዞ መጎተት እርዳታ አይደለም፤ የራስን ክንድ ሰጥቶ እርሱ እንዲይዝ ማድረግ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ መናገር፣ መልሱን ሲሰጡት የብሩን ዓይነት በቃል ማስታወቅ፣ መውረጃው ሲደርስ ስሙን መጥራት ነው። መስማት የተሳነው ሰው መድረሻውን ጽፎ ቢያሳይ ማንበብና ፊት ለፊት ሆኖ መልስ መስጠት ይገባል። ተሽከርካሪ ወንበር ያለውን «እንዴት ላንሣህ?» ብሎ ሳይጠይቁ ብብቱን ይዞ ማንሣት ትከሻ እስከመጉዳት ይደርሳል፤ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቀው ራሱ ነው። ክራንቹን ነጥቆ ጣራ ላይ መጫንም አይገባም፤ ከእጁ መራቅ የለበትም። ከሁሉ በላይ አብሮት ያለውን ሰው «የት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ፣ ባለጉዳዩ አፍ እያለው፣ መተው ያለበት ልማድ ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም የደዶና የአጋሮ መንገዶች በጭነትና በለቃሚ ይጨናነቃሉ፤ ትርፍ መጫንም የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። የባለንብረቶች ማኅበራት፣ ተራ አስከባሪዎችና የቀበሌ ነዋሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የፊተኛው ወንበር ለማን እንደሚጠበቅ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ሒሳብ እንዲቀር፣ ለማሳፈር የሚጠፋው ጊዜም ከባለንብረቱ ድርሻ እንዲታሰብ የሚስማሙት ከዚያ በፊት፣ በክረምቱ ወራት ቢሆን ይመረጣል። በስብሰባው ላይ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው እንዲገኙም መኪና ተልኮ ከየቀበሌያቸው ይምጡ።