አድሚን ማነው?

በከተማችን ሒሳቡን በፒችትሪ የሚሠራው ድርጅት ቀላል ቁጥር የለውም። ፕሮግራሙ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከለወጠ ዓመታት ቢያልፉትም እኛ ዛሬም ፒችትሪ ነው የምንለው። ማሠልጠኛ ገብተን ደረሰኝ ማስገባት፣ ደመወዝ መሥራት፣ ሪፖርት ማውጣት እንማራለን። ማን ምን ማየት፣ ማን ምን መሰረዝ እንደሚችል የሚወሰንባት ገጽ ግን እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ አለች፤ የሚከፍታት ነው የጠፋው።

ስለዚህ በየቢሮው የምናየው ይህንን ነው፦ አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ፣ ስምንት ሰው። ፓስወርዱም ኮምፒውተሩ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። ገንዘብ ያዧም፣ ሒሳብ ሹሙም፣ ለሦስት ወር ልምምድ የመጣው ልጅም የሚገቡት «አድሚን» ሆነው ነው። አንድ ቀን የሽያጭ ደረሰኝ ተሰርዞ ይገኛል። ማን ሰረዘው? መዝገቡ «አድሚን» ይላል። አድሚን ማነው? ሁላችንም!

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመን። ጉድለት ሲገኝ ጣት የሚቀሰረው ገና ትናንት የተቀጠረው ላይ ነው። «እኔ አይደለሁም» ቢልም የሚመሰክርለት የለም፤ ሊመሰክርለት ይችል የነበረው መዝገብ የሁሉንም ስም አንድ አድርጎታል። የራሱ መግቢያ ቢኖረው ኖሮ በዚያች ሰዓት እሱ እንዳልገባ በሁለት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

አለቆቻችን «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነን፣ መጠራጠር ምን ያደርጋል?» ይሉናል። ይሁን። ግን እነዚሁ አለቆች በሚገቡበት ዕድር ሊቀመንበሩ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው። በዚህ የተቀየመ ዕድርተኛ አይተን አናውቅም። ኮምፒውተር ሲመጣ ነው ይህን ብልሃት የረሳነው።

የረሳነው እኛ ብቻም አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1762 የተመሠረተው የእንግሊዙ ቤሪንግስ ባንክ በ1995 የወደቀው፣ ሲንጋፖር ላይ ኒክ ሊሰን የሚባል ሠራተኛው ግብይቱንም፣ ግብይቱን የሚያወራርደውንም ክፍል አንድ ላይ ስለያዘ ነው። 827 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ፤ ባንኩም በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። በአንድ!

የእኛ ቢሮ ቤሪንግስ አይደለም፤ የሚጠፋውም ምናልባት የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ችግሩ ያ ደመወዝ የማን እንደሚሆን ነው። ስለዚህ ሥራ የምትጀምሩ ጓደኞቻችን፣ በመጀመሪያው ቀን የራሳችሁን መግቢያ ጠይቁ። ስትለቁም እንዲዘጋላችሁ በደብዳቤ አመልክቱ፤ የደብዳቤውንም ኮፒ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።