ቴስታው ከመላጉ በፊት ይለካ

ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ዳገት መካከል ሞተሩ ግሎ ሲቆም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሾፌሩ ኮፋኖውን ይከፍታል፤ ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በዚህ ያበቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን በማግሥቱ ሞተሩ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ዘይቱም ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ያን ጊዜ መካኒኩ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታው ወርዶ ማሽን ሾፕ ይሂድ» ይላል። ባለንብረቱም ወዲያው «ማን ጋ ይረክሳል?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ማን ለክቶ ይሠራል?» የሚለው ነው እንላለን።

እንደሚታወቀው ቴስታ ሲሊንደሮችን ከላይ የሚከድን፣ ቫልቮችን የሚይዝና የአየር፣ የጭስና የውኃ መተላለፊያዎች ያሉት የሞተር ክፍል ነው። በብዙ ሞተሮች ቴስታው ከአሉሚኒየም፣ የሚያርፍበት ብሎክ ደግሞ ከካስት አይረን የተሠራ ነው። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 23 ማይክሮሜትር ያህል ሲረዝም ካስት አይረን የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.9 ሚሊሜትር ያህል መርዘም ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ብሎክ ግን 0.5 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቡሎኖቹ አጥብቀው ስለያዙት፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታው ይጎብጣል፤ ሲበርድም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

የአካባቢያችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,000 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 80 በመቶ ስለሚወርድ ውኃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ክዳኑ ጠፍቶ ጨርቅ የተወተፈበት ራዲያተር ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ርካሹን ክዳን ችላ ያለ ሰው ውዱን ቴስታ ይከፍላል።

እንግዲህ ጥሩ ማሽን ሾፕ በምን ይታወቃል? አንደኛ፣ ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ይለካል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታው ፊት ላይ በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ አስቀምጦ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ይፈትሻል። ለብዙ ትናንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ወይም «ይላግ» የሚል ባለሙያ ይገምታል እንጂ አይለካም።

ሁለተኛ፣ ስንጥቅ መኖሩን ይመረምራል። የውኃ መተላለፊያዎቹን ደፍኖ፣ አየር ሞልቶ፣ ቴስታውን ሙቅ ውኃ ውስጥ በመንከር አረፋ መውጣት አለመውጣቱን ያያል። በማግኔት የሚደረገው ምርመራ ለካስት አይረን እንጂ ለአሉሚኒየም አይሠራም፤ አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብምና። የተሰነጠቀን ቴስታ ማስላግ ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

ሦስተኛ፣ ካምሻፍቱ ቴስታው ላይ ከሆነ የሚሽከረከርባቸው ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ቴስታ ሲጎብጥ የሚጎብጠው ከሥሩም ከላዩም ነው። የታችኛውን ፊት ብቻ ልጎ መመለስ የላይኛውን ጉብጠት እንዳለ ይተወዋል፤ ካምሻፍቱም ቆይቶ ይነክሳል ወይም ይሰበራል።

አራተኛ፣ ምን ያህል እንደሚያነሳ አስቀድሞ ይናገራል። የተላገ ብረት አይመለስም። ሒሳቡን ለተማሪ አንባቢዎቻችን እናሳይ። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 500 ሲሲ፣ የእመቃ ምጣኔው 9 ለ 1 ቢሆን፣ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 62.5 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊሜትር ሆኖ ቴስታው በ0.5 ሚሊሜትር ቢላግ እስከ 2.9 ሲሲ ይቀነሳል፤ ምጣኔውም ወደ 9.4 ለ 1 ይጠጋል። በናፍታ ሞተር ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ስለሚችሉ አንዳንድ አምራቾች መላግን ጨርሶ ይከለክላሉ። ስለሆነም «ይህ አይላግም» ብሎ ሥራ የሚመልስ ማሽን ሾፕ ካጋጠመን ደንበኝነታችንን ልንሰጠው ይገባል።

«ጉልበት ይጨመርልኝ» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። መተላለፊያዎቹን ማስፋትና ማስወልወል ፈጣን መኪና ያስገኛል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ ያለ ልክ የሰፋ መተላለፊያ በዝቅተኛ ዙር የአየሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዳገት የሚያስወጣው ጉልበት ደግሞ በዚያው ዙር የሚገኘው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሐይቅ ከፍታ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን የሚያጣው አየሩ ስለሳሳ እንጂ ቀዳዳው ስለጠበበ አይደለም። የእመቃ ምጣኔን ከፍ ማድረግ በደጋ ሊያዋጣ ይችላል፤ ነገር ግን ያው መኪና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ፣ አየሩ ሲወፍርና ሲሞቅ፣ የቤንዚን ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ለእኛ መንገድ ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ቴስታውን ወደ አምራቹ ልክ መመለስና ቫልቮቹ በትክክል እንዲገጥሙ ማድረግ ነው።

«መለኪያ ውድ ነው፤ ደንበኛውም ድኻ ነው» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። የተነሳው ችግር እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ማስመሪያና ፊለር ጌጅ ከማሽን ሾፕ ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። መኪናው ቆሞ የሚውል ሾፌርና የመስኖ ፓምፑ የተበላሸበት ገበሬ ሁለት ጊዜ ለመክፈል አቅም የላቸውም። መፍትሔውም ቴስታውን ከደሴ 401 ኪሎ ሜትር አሻግሮ አዲስ አበባ መላክ ብቻ አይደለም፤ ያለንበት ማሽን ሾፕ እንዲለካ መጠየቅ ነው።

በአምባሰል ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ስለተለያየ ምን እንዳስከተለ ሁላችንም እናውቃለን። በባለንብረትና በባለሙያ መካከልም «ይስተካከል» የሚለው ቃል ለሁለቱ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ በቁጥር ይጻፍ፤ ሲገባ ጉብጠቱ ስንት ነበር፣ ስንት ተነሳ፣ ሲወጣ ስንት ቀረ። ይህ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን የመሳሰሉ ተቋማት የአካባቢውን ማሽን ሾፖች መለኪያዎች በየጊዜው ቢፈትሹና ቢያስተካክሉ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። ተማሪዎችም ከመጽሐፍ ያገኙትን የመለጠጥ ሕግ ጋራዥ ሄደው በፊለር ጌጅ ቢያዩት ትምህርቱ ሥጋ ይለብሳል። ሳይንስ በቤተ ሙከራ ብቻ ተወስኖ ሊቀር አይገባም፤ በዘይት በተጨማለቀ ጠረጴዛ ላይ «ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅም ሳይንስ ነው።