ከሠርጉ በፊት መነጽሩን መጣል

የእህቴ ልጅ ሠርጓ አራት ወር ሲቀረው እቤት መጣችና «አክስቴ፣ ዓይኔን በሌዘር ልታከም ነው። በቬሎ ላይ መነጽር አላደርግም!» አለችኝ። መነጽሯ ማይነስ አራት ነው። ዋጋ ጠይቃለች፣ ቅናሽም ተነግሯታል፤ ሁሉም ነገር በስልክ ነው ያለቀው። ዓይኗን ያየው ሰው ግን የለም። እኔን የከነከነኝ ይኼ ነው።

ላሲክ የሚባለው ሕክምና ለመስማት ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። ሐኪሙ ኮርኒያ ከተባለው ጥርት ያለ የዓይን ፊተኛ ሽፋን ላይ ስስ ልጣጭ እንደ ክዳን ይገልጥና ከሥሩ ያለውን በሌዘር በጥቂቱ ቀርጾ ክዳኑን መልሶ ያለብሰዋል። ማደንዘዣው ጠብታ ነው። ብዙዎች በማግስቱ ያለ መነጽር ያያሉ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከስድስት ዓመት በፊት ተሠርታ እስከ ዛሬ ሐኪሟን ስትመርቅ ትኖራለች። ጠዋት ኮመዲኖ ላይ መነጽር መዳበስ ቀረላት። መነጽር አድርጎ የማያውቅ ሰው ይህ ደስታ አይገባውም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር በእንፋሎት የምታወር እኔ ግን ይገባኛል።

ይህችው ባልደረባዬ ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ወራት የዓይን ጠብታ ከቦርሳዋ አልለየችም፤ ዓይኗ ይደርቅባት ነበር። ማታ ስትነዳም በመኪኖች መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያት ነበር። ይህ አብዛኛውን ሰው በወራት ውስጥ ይተወዋል፣ ጥቂቶችን ግን አይለቅም። ባለፈው ዓመት 45 ሲሞላት ደግሞ የማንበቢያ መነጽር ገዛች። ከ40 በኋላ የዓይናችን የውስጥ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ነው፤ ላሲክ ይህን አያስቀረውም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እየጎተትኩ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ኮንታክት ሌንሷን ለሁለት ሳምንት አስተዋት፤ ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ስለሚለውጥ ልኬቱን ያሳስታል። ከዚያ በመሣሪያ የኮርኒያዋን ካርታ አነሡ። የኮርኒያ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሌዘሩ የሚቀንሰውም ከዚያው ላይ ነው።

ሐኪሟ ካርታውን ትኩር ብላ አየችና «በልጅነትሽ ዓይንሽን ያሳክክሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳትመልስ እኔ ሳቅሁ። አለርጂ አለባት፤ ዓይኗን ሳታሽ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ኬራቶኮነስ ጀምሯታል አለችን፤ ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ዓይን በሌዘር ቢነካ ይበልጥ ይዳከማል፣ እይታም ሊበላሽ ይችላል።

በታክሲው ውስጥ እንባዋ ወረደ። እኔ ደግሞ ያንን የስልክ ቅናሽ እያሰብኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን በየስድስት ወሩ ካርታው ይነሣል፤ ከባሰ በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና አለ። ዓይን ማሸት ክልክል ነው።

እናንተም ካሰባችሁበት ከዋጋው በፊት ኮርኒያችሁ ስንት እንደሆነና ከሌዘሩ በኋላ ስንት እንደሚቀር ጠይቁ። የመነጽር ቁጥራችሁ በቅርቡ ከተለወጠ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ ለጊዜው ቆዩ።

ሠርጉ ደረሰ፣ መነጽሩም አብሮ ተሞሸረ። ፎቶ አንሺው «ያንጸባርቃል፣ ትንሽ ዝቅ በይ» እያለ ሲያስቸግራት ዋለ። እናቷ ስትመርቃት ሙሽሪት እንባዋ መጣ፤ እጇን ወደ ዓይኗ ላከችና መሐል ላይ አስታወሰች መሰለኝ፣ መሐረብ እንድሰጣት በዓይኗ ጠቀሰችኝ።