የድሬዳዋ ጎርፍ ከየት እንደሚነሣ

ከዚራ በባቡር ኩባንያ መሐንዲሶች ተለክቶ የተሠራ፥ መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ዛፉም ጥላ የሚሰጥ ሰፈር ነው። ከመጋላ የሚለየው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30 ቀን ሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ከቤቱ አፈናቀለ።

ያ ውሃ የወረደው ከደቡቡ የሐረርጌ ደጋ ነው። ዛፉ ያለቀ ተራራ ዝናቡን አያቆይም፤ ከነአፈሩ ወደ ቆላ ይሰደዋል። ደጋው ግን በኦሮሚያ ክልል ሥር ሲሆን፥ ከተማው ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነ አስተዳደር አለው። እንግዲህ ጉዳቱ ከአንዱ ዘንድ፥ መድኃኒቱ ከሌላው ዘንድ ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መርከብ የሚሄድባቸው ወንዞች የሚመነጩበትን መሬት ከባለቤቶቹ እየገዛ ደን አደረገው። በኢትዮጵያ መሬት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ መግዛት አያስፈልግም። ሆኖም ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ ተዳፋቱን ለዛፍ ሲተው የሚቀርበትን እህል የሚተካለት ይሻል።

ስለዚህ በወንዙ ዳር ግንብ መሥራት ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ውል ተስማምተው፥ ከተማው ለደጋው ገበሬ ድርሻውን ሊከፍል ይገባል። በከዚራና በመጋላ የሚያድረው ሕዝብ የሌሊት ዕረፍት በዚያ ገበሬ እጅ ነውና።